ሦስት ትውልድ በአንድ ሣጥን
የቀሐ ማዶዋ ቁስቋም፣ መቃብሯና የቤታችን ሰላም

ከጎንደር ከተማ መሃል ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያቀና ሰው ቀሐ ወንዝን ያገኛል። ቀሐ ለጥምቀት በዓል የዐፄ ፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ውሃ ነው። ከወንዙ ማዶ ዳገቱን ሲወጣ ደግሞ በዛፎች መካከል በድንጋይ ግንብ የታጠረች አንዲት ጥንታዊት ደብር ጋ ይደርሳል። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያም ትባላለች። በግቢዋ ውስጥ የቤተ መንግሥትና የግብር አዳራሽ ፍርስራሽ ይታያል። ስፍራው በ1979 ከጎንደር ቤተ መንግሥቶች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ግንቡን አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። በደብሯ ውስጥ ግን ከግንቡ ይልቅ ልብ የሚነካ ነገር አለ። መስታወት ባለው አነስተኛ ሣጥን ውስጥ የሦስት ሰዎች አፅም ተቀምጧል። የአያት፣ የልጅና የልጅ ልጅ አፅም ነው። አያቲቱ እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ዐፄ ኢዮአስ ናቸው። ሦስቱም ዘውድ ጭነው ነበር። ዛሬ አንድ ሣጥን ለሦስቱም በቅቷል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ በቤተሰብ መጽሔት ላይ ይዤ የቀረብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የነገሥታት ታሪክ ተብሎ ይነበብ እንጂ ውስጡ የእናትና የልጅ፣ የእንጀራ አባትና የእንጀራ ልጅ፣ ከሁሉም በላይ የአማትና የምራት ታሪክ ነው። በእያንዳንዳችን ቤት የሚሆነው ነገር በትልቅ ቤት ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ያሳየናል።

ስሟ ከየት መጣ?

ቁስቋም በላይኛው ግብፅ የሚገኝ ስፍራ ስም ነው። በግብፅና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ትውፊት መሠረት፣ ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ኢየሱስን ይዘው ከሄሮድስ ሰይፍ ሲሸሹ ከተጠለሉባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ኅዳር 6 ቀን የሚከበረው የቁስቋም በዓልም ይህንኑ ያስታውሳል። መጽሐፍ ቅዱስ የስፍራውን ስም አይነግረንም። ስደቱን ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ በግልጽ ጽፎልናል።

ስለዚህ የደብሯ ስም ራሱ የአንድን ቤተሰብ ጭንቅ የሚያስታውስ ስም ነው። በሌሊት ተነሥቶ ልጁን ለማዳን የሚሰደድ አባት፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ የሚያሳድድ ንጉሥ አሉበት። በዙፋን አጠገብ ሕፃን ልጃቸውን ይዘው የቀሩት መበለት ለደብራቸው ይህን ስም መስጠታቸው ልብ ያሰኛል።

ከቋራ እስከ ዙፋን

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ምንትዋብ የሚለው መጠሪያ «ምንኛ ውብ ናት» እንደ ማለት ነው። ስለ ትዳራቸው የሚነገር ጥሩ ትረካ አለ። ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ በንዳድ ታመው በአንድ ቤት ተኙ ይባላል። የቤቱ ወጣት ልጅ ጎንበስ ቀና ብላ አስታመመቻቸው። ንጉሡ ከዳኑ በኋላ ያችን ልጅ አስመጥተው አገቧት። ይህን ትረካ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም በመጽሐፉ ጽፎታል። እንደ ትረካው ከሆነ ትዳሩ የጀመረው በማስታመም ነው።

ዐፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ የሰባት ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። እናቲቱ «ብርሃን ሞገሳ» በሚል ስመ መንግሥት ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ገዙ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የእርሳቸው ቃል ይሰማ ነበር። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። በ1730ዎቹ ደግሞ ከጎንደር ግንቦች ራቅ ብለው፣ ከቀሐ ማዶ፣ የቁስቋምን ደብርና በአጠገቧ የራሳቸውን መኖሪያ አስገነቡ። ለደብሯ አገልጋዮችም ጉልት መደቡ።

መበለቲቱ በወጣትነታቸው ብቻቸውን አልቀሩም። የሟች ባላቸው ቅርብ ዘመድ ከሆኑት፣ በዕድሜ ከሚያንሷቸው ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ኖረው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ ይባላሉ። ሰው ግን ግራዝማቹን «ምልማል ኢያሱ» እያለ ያማቸው ነበር። መጨረሻቸውም አላማረም። ከገደል ተጥለው እንደ ሞቱ፣ ነገሩም ከእንጀራ ልጃቸው ከንጉሡ እንደ መጣ ይነገራል። ያልተነጋገሩበት ዳግመኛ ትዳር፣ ያልተፈወሰ የልጅ ልብና የሰው ሐሜት አንድ ላይ ሲገናኙ በቤት ውስጥ ደም ሊያፈስሱ እንደሚችሉ እዚህ ላይ እናያለን።

ሁለት እናቶች፣ አንድ ልጅ

ዐፄ ኢያሱ ለአካለ መጠን ሲደርሱ አሚቶ የተባሉ የኦሮሞ ባላባት ልጅ የሆኑትን ወይዘሮ ውቢትን አገቡ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ቤርሳቤህ ነው። ከእርሳቸውም ኢዮአስን ወለዱ። ባል በሕይወት ሳሉ በአማትና በምራት መካከል የነበረው ነገር እንደ ብዙ ቤት ተሸፍኖ ቆየ። ንጉሡ በ1755 ሲሞቱ ግን ጥያቄው በአደባባይ ወጣ። ዙፋኑ ለሕፃኑ ኢዮአስ ሆነ። ለሕፃኑ ማን ይቆማል? አያት ወይስ እናት?

ሁለቱም የሚሉት ነበራቸው። እቴጌ ምንትዋብ የሃያ አምስት ዓመት ልምድ ነበራቸው። ውቢት ደግሞ ምንትዋብ ራሳቸው በ1730 ያገኙትን ሥልጣን ነበር የጠየቁት፤ የሕፃኑ ንጉሥ እናት ነበሩና። አያቲቱ ግን ቦታውን አልለቀቁም። የቋራ ዘመዶቻቸው በቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ቦታ ይዘው ነበር። ውቢትም በበኩላቸው ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ወደ ጎንደር አስመጡ። በሕፃኑ ዙሪያ ሁለት አጥር ቆመ። እያንዳንዷ የራሷን ወገን አበዛች፤ ልጁም በመካከል አደገ።

የእቴጌዋ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል ሁለቱን ወገን አመዛዝነው የያዙ ሰው ነበሩ። በ1767 ሲሞቱ የሚያስታርቅ ጠፋ። ነገሩን ያረጋጋሉ ተብለው የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ከነሠራዊታቸው ወደ ጎንደር ተጠሩ። ራስ ሚካኤል ለእቴጌዋ ባዕድ አልነበሩም። ልጃቸው ወልደ ሐዋርያት የእቴጌዋን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበር። ኋላም ራሳቸው ራስ ሚካኤል አስቴርን አገቡ። ጋብቻው ሁሉ ሰላም ያመጣል ተብሎ የታሰበ ነበር።

ራስ ሚካኤል ከገቡ በኋላ ግን ወጣቱ ንጉሥ ሊመልሷቸው አልቻሉም። ጠቡ ከረረ፤ በ1769 ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ። አንድ ንጉሥ በገዛ ቤቱ አማች እጅ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ንጉሥ የሚያነግሡና የሚሽሩ መሳፍንት ሆኑ። የታሪክ ሰዎች ዘመነ መሳፍንት የሚሉት፣ እስከ 1855 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ጀመረ።

የአገር ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በሁለት ሴቶች ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የመሳፍንቱ ምኞት፣ የጦር አለቆች ጉልበት፣ የዙፋኑ መድከም ሁሉ ነበረበት። ይሁን እንጂ እሳቱ የገባበት ስንጥቅ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአማትና በምራት መካከል ነበር።

ኢየሩሳሌምን የናፈቁ አያት

እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን በቁስቋም፣ ከልጃቸው ከዐፄ ኢያሱ አጠገብ ቀበሩ። ከዚያም ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት አልመለስም ብለው በደብሯ አጠገብ ባለው ቤታቸው ተቀመጡ። ከመስኮት ማዶ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው መቃብር ነበር።

ጄምስ ብሩስ ጎንደር የደረሰው በዚህ ኀዘን መካከል፣ በየካቲት 1770 ነው። በቁስቋም የእቴጌዋ ግቢ ልጆች ፈንጣጣ ይዟቸው ነበርና ሕክምና ያውቃል ተብሎ ተጠራ። በሮችና መስኮቶች እንዲከፈቱ፣ ክፍሉ በዕጣንና በከርቤ እንዲታጠን፣ በሞቀ ውሃና በሆምጣጤ እንዲታጠብ አደረገ። ከታመሙት የዳኑ ነበሩ። በዚህም የእቴጌዋን ወዳጅነት አገኘ።

ብሩስ ከእቴጌዋ ጋር ያደረገውን ንግግር በመጽሐፉ አስፍሯል። የዓባይን ምንጭ ለማየት እንደ መጣ በነገራቸው ጊዜ እቴጌዋ ተገረሙ። አንተ ረግረግና ወንዝ ለማየት ከኢየሩሳሌም አገር ይህን ሁሉ መከራ አልፈህ መጣህ፤ እኔ የነገሥታት እናት ግን ሌት ተቀን የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉት። ሁሉን ትተው ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ፣ በጌታ መቃብር ደጅ እየለመኑ መኖር፣ በመጨረሻም የዚያ ቤተ ክርስቲያን በር በሚታይበት መንገድ ላይ መቀበር ነበር ምኞታቸው።

ምኞታቸው አልተፈጸመም። በ1773 ዐርፈው እዚያው ቁስቋም፣ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጎን ተቀበሩ። ሁለት ጊዜ ሞግዚት የሆኑ፣ ግንብ ያስገነቡ፣ ጉልት የመደቡ ሴት በመጨረሻ የፈለጉት የመቃብር ቦታ ብቻ መሆኑ ያስለቅሳል። እኛ ግን የምንጽናናበት ነገር አለ። በኢየሩሳሌም ያለው መቃብር ባዶ ነው። ወደ እርሱ ቀርቦ የተቀበረ አይጠቀምም፤ ርቆ የተቀበረም አይጎዳም። የተነሣው ጌታ ግን በቀሐ ዳገት ላይ ላለቀሰችም እናት ቅርብ ነው።

ከዚያ ወዲህ

የነገሥታቱ ከተማ በኋላ ብዙ አየች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ዘረፉ። በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ከሱዳን ገብተው ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። ቁስቋምም ከጠፉት አንዷ ነበረች። ዛሬ የምትታየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራች ናት። የእቴጌዋ ቤት ግን እንደ ፈረሰ ነው፤ የግድግዳው ድንጋይ፣ የመስኮቱ ቅስትና በላዩ የተቀረጸው ጌጥ ብቻ ቀርቷል። በአገራችን ልማድ እንደ ማንኛውም ደብር ሁሉ በዙሪያዋ ምእመናን ትውልድ በትውልድ ተቀብረዋል። እቴጌና ገበሬ፣ ሊቅና እረኛ በአንድ ኮረብታ ላይ ያርፋሉ።

መቃብር ሲከፈት የቤት ምሥጢር ይወጣል

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ባለቤቴ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ባለትዳሮችን ስናማክር ዓመታት አልፈዋል። አንድ ነገር ደጋግመን አይተናል። የቤተሰብ ቂም በሠርግ ቀን በነጠላና በጭብጨባ ይሸፈናል። በለቅሶ ቀን ግን ይገለጣል። አማትና ምራት ሳይታረቁ አንዷ ስትሞት የሌላዋ ለቅሶ ሌላ ነው። የሚለቀሰው ለሞተችው ብቻ አይደለም፤ ላልተባለው «ይቅር በይኝ» ጭምር ነው።

እኛ ወንጌላውያን ደግሞ ሌላ ፈተና አለብን። በብዙ ቤታችን ባል ወንጌላዊ፣ ወላጆች ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ወይም ሚስት አምና ወንድሞቿ አላመኑም። አባት ሲሞት የት ይቀበር፣ ማን ይጸልይ፣ ተዝካር ይውጣ አይውጣ የሚለው ሁሉ ሬሳው ቤት ተቀምጦ ይነሣል። የቀብር ቦታ የተከለከሉ አማኞች ታሪክ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አፍ አሁንም አለ። የዚያ ቁስል ያልሻረለት ሰው በአባቱ ሬሳ ላይ ክርክሩን ሊቀጥል ይፈተናል። ወገኖቼ፣ በሬሳ ላይ የሚሸነፍ እንጂ የሚያሸንፍ የለም።

የእግዚአብሔር ቃል ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። አብርሃም ሣራን ለመቅበር የማክፌላን ዋሻ በሙሉ ዋጋ፣ ምስክር ባለበት ገዛ (ዘፍጥረት 23)። ሞት ሳይቀድመው ሳይሆን በኀዘኑ መካከል እንኳ በሥርዓትና በአክብሮት ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋገረ። አብርሃም ራሱ በሞተ ጊዜ ደግሞ ይስሐቅና እስማኤል አብረው ቀበሩት (ዘፍጥረት 25፡9)። የእነዚህ ሁለት ወንድሞች እናቶች እነማን እንደ ነበሩ እናስታውስ። ሣራና አጋር በአንድ ቤት መኖር አቅቷቸው ነበር። ልጆቻቸው ግን በአባታቸው መቃብር ጎን ለጎን ቆሙ።

ሌላም ቤት አለ። ኑኃሚንና ሩት አማትና ምራት ነበሩ፤ ሁለቱም መበለቶች፣ ዘራቸውም የተለያየ። ውቢትና ምንትዋብም እንዲሁ መበለቶችና ከተለያየ ወገን ነበሩ። ሩት ግን ለአማቷ በሞትም እንደማትለያት፣ አማቷ በምትቀበርበት እንደምትቀበር ቃል ገባች (ሩት 1፡16-17)። ኑኃሚንም በበኩሏ ምራቷን እንደ ልጇ አየች፤ ትዳር ፈለገችላት፤ የተወለደውንም ሕፃን አቅፋ አሳደገች። በዚያ ቤት አያትና እናት አንድ ልጅ ያሳድጉ ነበር፤ ከልጁም ዘር ዳዊት መጣ። በአንዱ ቤት ሁለት እናቶች አንድ ሕፃን ሲያሳድጉ ንጉሥ ተገኘ። በሌላው ቤት ሁለት እናቶች በአንድ ሕፃን ላይ ሲሻሙ ንጉሥ ጠፋ።

ምን እናድርግ?

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲያገባ ቦታ ልቀቁ። እግዚአብሔር ሰው አባቱንና እናቱን ትቶ ከሚስቱ ጋር አንድ እንደሚሆን ሲናገር (ዘፍጥረት 2፡24) ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለእናቲቱም ትእዛዝ ሰጥቷል። ትላንት ለእናንተ የተገባው ክብር ዛሬ ለምራታችሁ ይገባል። የቤቱን ቁልፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ምራታችሁ ልጄ ትሁን ብትሉ አይሆንም።

ምራቶች ሆይ፣ አማታችሁ ያሳደገችውን ሰው ነው ያገባችሁት። የራሳችሁን ዘመድ በማብዛት ቤታችሁን ልታስከብሩ አትሞክሩ። አጥር በአጥር ላይ ሲሠራ ልጆቻችሁ በመካከል ይታሰራሉ። የልጅ ልጆችን ከአያታቸው አትከልክሉ፤ በፊታቸውም አያታቸውን አታሙ።

ባሎች ሆይ፣ ዝምታችሁ ሰላም አይደለም። ዐፄ ኢያሱ በሕይወት ሳሉ በእናታቸውና በሚስታቸው መካከል ያልተበጀው ነገር ከሞቱ በኋላ ልጃቸውን አስከፈለ። እናትህን አክብር፤ ሚስትህንም አስከብር። ሁለቱንም በአንድ ማዕድ ላይ አስቀምጠህ የምትናገረውን ነገር ለየብቻቸው አትንገር።

ሁላችሁም፣ ስለ ቀብርና ስለ ለቅሶ በሰላሙ ቀን ተነጋገሩ። አባታችሁ በሕይወት ሳሉ የልባቸውን ጠይቋቸው፤ ያሉትንም አክብሩ። ከዕድራችሁ አትውጡ፤ የጎረቤትን ሬሳ ተሸክሙ፤ ድንኳን ትከሉ። ለእምነታችን የማንስማማበት ሥርዓት ቢኖርም እንኳ በትሕትና እንጂ በጩኸት አንናገር።

ባልና ሚስት አብረው የሚወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. በሁለታችን ወላጆች መካከል ዛሬ ያልተነገረ፣ ነገ በለቅሶ ቤት የሚወጣ ቅሬታ አለ?

2. በውሳኔያችን ላይ የማን ወገን ይበዛል? የአንተ ዘመድ ወይስ የእኔ? ልጆቻችን ይህን ያውቃሉ?

3. የቤተሰባችን አማኝ ያልሆኑ ወገኖች ቢያርፉ በአክብሮት የምንቆመው እንዴት ነው? እኛ ብንሞትስ የት እንድንቀበር እንፈልጋለን? ለማን ነግረናል?

4. በዚህ ሳምንት ይቅርታ የምንጠይቀው ወይም የምንደውልለት ሰው ማን ነው?

የሰላም አምላክ በአማትና በምራት፣ በባልና በሚስት፣ በወላጅና በልጅ መካከል ይቁም። በሕይወት ሳለን በአንድ ማዕድ የምንቀመጥበትን ጸጋ ለሁላችን ያብዛልን። አሜን።